ሲስተርና የማይዘጋው የእንጨት ሥራ ቤት

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው፤ ሥራችሁን ትታችሁ፣ ፀሐዩን ችላችሁ እኅታችንን ልትሸኙ ስለ መጣችሁ በቤተሰቡ ስም እጅ እነሳለሁ። ይህን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ታላቅ ወንድማቸው ነኝ፤ ሙያዬ አናጢነት ነው፤ ከመሮና ከመጋዝ ጋር እንጂ ከወረቀት ጋር ብዙም ወዳጅነት ስለሌለኝ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ብደናቀፍ ሐዘኑ ነው ብላችሁ እለፉኝ። ከጨቅላነታቸው ጀምሮ «አንቺ» እያልሁ፣ አንዳንዴም ጆሯቸውን እየቆነጠጥሁ ያሳደግኋቸውን ታናሽ እኅቴን ዛሬ በሕዝብ ፊት «እርሳቸው» ስል ቢሰሙኝ ሆዳቸውን ይዘው በሳቁብኝ ነበር። ይሁን፣ ይሳቁ፤ ክብሩ ይገባቸዋል።

እኅታችን ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው የተወለዱት፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሰብሮ ሊገባ በሚታገልበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ የፊተኛው የአባታችን የእንጨት ሥራ ቤት፣ የኋለኛው ደግሞ መኝታችን፣ ማብሰያችንና የእናታችን የስፌት መኪና የቆመበት ነው፤ በሁለቱ መካከል ከመጋረጃ በቀር ምንም ስላልነበረ፣ እኅታችን በአንድ ጆሯቸው መላጊያውን፣ በሌላው የስፌት መኪናውን እየሰሙ አደጉ፤ ቀን ቀን የሚተኙትም የእንጨት ፍቅፋቂ በሞላበት ሣጥን ውስጥ ነበር። ገና አፋቸውን እንደፈቱ፣ አባታችን እግሩ የተሰበረ ወንበር ሲጠግኑ፣ እርሳቸው ከእናታችን ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅመው የወንበሩን እግር በፋሻ ይጠቀልሉት ነበር፤ ደንበኛው ወንበሩን ሊረከብ ሲመጣ «አልዳነም፣ ፋሻው አይፈታም» ብለው አልቅሰው ያስቸገሩበትን ቀን እናታችን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እያነሱ ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀዋል። በባዮሎጂ ከክፍላቸው የሚያህላቸው አልነበረም፤ በመዝሙር ግን፣ ሐዘን ላይ ነን ተብሎ እውነት አይደበቅምና፣ ነገሩ ሌላ ነበር፤ አስተማሪያቸው በወላጆች ቀን ዝግጅት ላይ ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ብለው እንደለመኗቸው የምናውቅ እናውቃለን። ይህን የማነሳው ለሳቅ ብቻ አይደለም፤ ኋላ በእጃቸው ያለፈው ጊታር ስንትና ስንት ሆኖ ሳለ፣ እኅታችን አንዲት ዜማ እንኳ ሳይጫወቱ ማለፋቸውን ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁ ነው። እርሳቸው የጊታር ሠሪ እንጂ የጊታር ተጫዋች ሆነው አያውቁም፤ ሲጠየቁም «እኔ አዋላጅ ነኝ፣ ማሳደጉ የናንተ ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያም የነርስነት ሙያ ተምረው እንደተመረቁ በአምቡላንስ አገልግሎት ተቀጠሩ፤ በዚያም ከሃያ ዓመት በላይ ሠሩ፤ «ሲስተር» የሚለው መጠሪያም ከዚያ ጀምሮ እንደ ቆዳ ተጣብቆባቸው ቀረ። ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙትም በዚሁ ሥራ ላይ ነው፤ የሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው የክፍሉን ሰዓት ሊሰቅሉ ወንበር ላይ ወጥተው፣ ወድቀው፣ እግራቸው ተሰብሮ አምቡላንስ ውስጥ ሲገቡ፣ ሕመሙን ለመርሳት ሆስፒታል ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ጮክ ብለው ያሰሉ ጀመር፤ የእጃቸውን ትርታ እየቆጠሩ የነበሩት እኅታችንም «እባክዎ ዝም ይበሉ፣ ቁጥር ያሳስቱኛል!» ብለው ገሠጿቸው። መምህሩ እንደሚናገሩት ከሆነ ዕድሜ ልካቸውን የታዘዙት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በዓመቱ ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል፤ በቤታቸው ቁጣ አልታጣም፣ ኩርፊያ ግን አድሮ አያውቅም።

በእነዚያ የሥራ ዓመታት መጨረሻ ገደማ፣ በመሠራት ላይ የነበረ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ሠራተኞቹ በውስጡ እንዳሉ ተደረመሰ። እኅታችን ቀድመው ከደረሱት መካከል ነበሩ፤ ከፍርስራሹ ሥር በአንድ ስንጥቅ አንዲት እጅ ብቻ ወጥታ አዩ፤ ሲሚንቶ ጣቶቹ ላይ የደረቀበት የግንበኛ እጅ ነበር። በሆዳቸው ተኝተው አንጓውን ያዙ፤ ይመታል። «አይዞህ ወንድሜ፣ አለሁ፣ እየቆፈሩልህ ነው» እያሉ ያችን እጅ ይዘው ቆዩ፤ ቆፋሪዎቹ ሳይደርሱለት ትርታው ቀጥ አለ። ቀጥ ካለ በኋላም ባልደረቦቻቸው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየፈለቀቁ እስኪያላቅቋቸው ድረስ አልለቀቁም። ያን ዕለት የነበራችሁ እዚህ መካከል አላችሁ፤ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ እኅታችን ያገኙትን ሰው ሁሉ አንጓ መያዝ ጀመሩ። ሰላም ሊሉ እጅ ይጨብጡና ሁለት ጣታቸው ወደ ደም ሥሩ ያዘግማል፤ ጎረቤቱ፣ ባለ ሱቁ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ሳይቀር ተለክቷል። መምህሩ እራት ላይ ቀኝ እጃቸው ሲያዝባቸው ምንም ሳይሉ ሹካውን ወደ ግራ ያዛውራሉ፤ ልጆቹም፣ አንጀት የሚበላው ይህ ነው፣ እናታቸው ሌሊት እየተነሡ ትንፋሻቸውን እንደሚያዳምጡ ስለገባቸው፣ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውጭ ዘርግተው፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ይጠብቋቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ለማንም አልተናገሩም። የአምቡላንስ ጡሩንባ በሩቁ ሲሰማ ማዕዱን ትተው ይነሡ ጀመር፤ በመጨረሻም ሥራቸውን በጤና ምክንያት ለቀቁ፤ ያሳደገቻቸው ሣጥን ወደነበረችበት፣ ከአባታችን ወደወረስሁት የእንጨት ሥራ ቤት እየመጡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው መዋል ሆነ ሥራቸው።

አንድ ቀን ደንበኛ የፊት ሳንቃው የተሰነጠቀ ጊታር ለጥገና አምጥቶልኝ፣ የሚተካበትን ስስ የጥድ ሳንቃ አዘጋጅቼ ሞርሳው አጠገብ አስቀመጥሁት። የጊታር ድምፅ የሚወጣው ከዚህች ሳንቃ ነው፤ ሠሪው ጫፏን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ በጣቱ አንጓ መታ መታ ያደርጋታል፤ ወፍራም ከሆነች ትታፈናለች፣ በልክ ከሳሳች ደግሞ እንደ ደወል ትመልሳለች። ይህን ሳደርግ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኝ ነበር፤ ሳንቃዋን ከእጄ ነጠቁኝ፤ የሕመምተኛን ደረት በጣታቸው መታ እያደረጉ ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸውና፣ ሲመቷት መለሰችላቸው። እንደገና መቱ፣ እንደገና መለሰች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያን ከሰዓት ሙሉ ሌላ ሥራ አላሠሩኝም! በማግስቱ የአባታችንን ሽርጥ ከምስማሩ አውርደው ታጠቁ። የመጀመሪያው ጊታራቸው፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ዱባ ይመስል ነበር፤ ድምፁም ከዱባ ብዙ አይሻልም፤ እርሳቸው ግን አቅፈውት አለቀሱ፤ ልጃቸውም በዚያ ሳምንት እናቷ ሳይነሡ ማደራቸውን ነገረችኝ።

ለራሳቸው ብቻ ቢያደርጉት እኅታችን አይደሉም። ከፍርስራሹ ሥራ የሚያውቋቸውን አንድ ጡረተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጎትተው አመጡ፤ ቁመታቸው ከበሩ ጉበን ስለሚበልጥ ሁላችንም «ጋሼ መሰላል» እንላቸው ነበር። ቀጥለው ዕድሜያቸውን በፈንጂ ማምከን ሥራ የፈጁትን የቀድሞ ወታደር አመጡ፤ እኒህ ሰው እንኳን ሳንቃ ሊቆርጡ ቀርቶ ወንበር ሊስቡም «ቆይ፣ ቆይ» ሳይሉ ስለማይንቀሳቀሱ ስማቸው «አቶ ቆይ» ሆነ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቁጠረው፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው፣ የአምቡላንስ ሾፌሩ፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም የሥራ አግዳሚና መሮ እየያዘ ቁም ሣጥን የምሠራበት ቦታ ጠፋኝ። ባጉረመርም ጆሮ ዳባ ልበስ! የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ያየኸው ምንድን ነው ተብሎ ማንም አይጠየቅም፤ ስለ እንጨቱ ግን የፈለጉትን ያህል ይጠየቃል፣ ይጨቃጨቁበታልም። ራሱ መናገር የፈለገ እየፋቀ ይናገራል፤ ሌላው እየፋቀ ያዳምጣል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ሁሉም የሚያየው ሳንቃውን ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት አንድ ስሕተት ነበር፤ በአርባ ዓመት አናጢነቴ ከሌላ ሰው አይቼው አላውቅም። ሳንቃ ሲያለሰልሱ ማቆም አይችሉም። በብርጭቆ ወረቀት ወዲያ ወዲህ ማለት ሲጀምሩ አእምሯቸው ያርፋል፤ ዕረፍቱ ደግሞ ስለሚጣፍጣቸው እጃቸውን ማንሣት ይፈራሉ፤ እናም ያማረ ሳንቃ በእጃቸው ላይ ሳስቶ ሳስቶ፣ ክር ቢወጠርበት የሚቀደድ ወረቀት ይሆናል። ጋሼ መሰላልማ አንድ ቀን ሳንቃቸውን ወደ ብርሃን ቢያነሡት መስኮቱ በውስጡ ታየ። በእንጨቱ ብክነት ደሜ ሲፈላ፣ እኅታችን ግን አልተቆጡም፤ መፍትሔ አበጁ፤ በየመሃሉ «እጅ ይነሣ!» ብለው ይጣራሉ፤ ሁሉም እጁን ያነሣል፣ ሳንቃውን አንጠልጥሎ መታ አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀጥላል ወይም ይበቃዋል። ማቆምን የሚማሩት በዚህ ነበር። መጀመሪያ እርሳቸው ይጣሩ የነበረውን ኋላ ሰዎቹ በየተራ ይጣሩት ጀመር።

የልጃቸው ሠርግ በደረሰ ጊዜ ሥራ ቤቱን ለአንድ ሳምንት ዘጋነው፤ ግድግዳውንም በዚያው ቀለም እናስቀባ አልን፤ ደስታ ነውና ማንም ክፉ አላሰበም። ጋሼ መሰላል ሠርጉ ላይ ተገኝተው፣ አጎንብሰው በበሩ ገብተው፣ ሙሽራዋን ስመው፣ መርቀው፣ በልተው ጠጥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሥራ ቤቱ ሲከፈት አልመጡም። እኅታችን ተጨንቀው ሄደው ሲያንኳኩ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ ነበር፤ አስከፍተው ሲገቡ ዘግይተዋል። ጋሼ መሰላል በሽታ አልነበረባቸውም፤ ብቻቸውን ነበሩ፤ ከዚህ በላይ ለመናገር ቦታው አይደለም። ሕይወታቸውን ሙሉ የሰው ቤት በር ሰብረው ሰው ሲያወጡ የኖሩ ሰው የራሳቸውን በር በጊዜ የሚሰብርላቸው አጡ። እኅታችን ከቀብር ተመልሰው የሥራ ቤቱን መዝጊያ ከማጠፊያው ጋር ነቅለው ሊጥሉ ሲሉ ነው እጃቸውን የያዝሁት፤ «ዝግ የሚለውን ቃል ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት አልሰማም» አሉኝ። እውነትም አልሰሙም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት በዓል ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን፣ እኔ እንኳ ታምሜ ሆስፒታል ብተኛ፣ ከጠዋቱ በሥራ ሰዓት ያ በር ይከፈታል፤ ከውስጥም ሰው አለ፤ የወንድ ልጃቸው ምረቃ ላይ ስሙ ተጠርቶ እንዳጨበጨቡ፣ ሥራ ቤቱን የሚጠብቀውን ሰው ሊተኩ ሮጠው የሄዱ እናት ናቸው።

ስለ አቶ ቆይ ጥቂት ልበል። በሥራ ቤቱ ውስጥ እርሳቸውን የሚያህል እጅ አልነበረም፤ አንገቱን ሲቀርጹ፣ ጎኑን በጋለ ብረት ላይ ሲያጥፉ፣ ቫርኒሹን ሲቀቡ አፍ ያስከፍታሉ። ነገር ግን ጊታሩ አልቆ ክር የሚታሠርበት ቀን ሲደርስ «ቆይ» ይሉና በምስማር ይሰቅሉታል፤ ሌላ ይጀምራሉ። ግድግዳው በዝምተኛ ጊታር ሞላ። እኔ በአፌ ነገር የማላሳድር ሰው ነኝና «የሙዚቃ መሣሪያ ነው ወይስ የግድግዳ ጌጥ?» ብላቸው፣ ረጋ ብለው «ወንድሜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከተወጠረ ሽቦ ስሸሽ ኖሬ፣ አሁን በገዛ እጄ ልወጥር?» አሉኝ። ወደ መጋዜ ተመለስሁ። እኅታችን ያን ቀን እኔን በዓይናቸው ገረመሙኝ፤ እርሳቸውን ግን አንድም ቀን «ክሩን ይወጥሩ» ብለው አልወተወቷቸውም። ሌላ ሰው ክሩን ልሠርልዎ ሲላቸውም እኅታችን ይከለክሉ ነበር።

እኅታችን የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የደም ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ለቤተሰቡ ሳይነግሩ፣ ሕክምናውን «ዕቃ ልገዛ» እያሉ በመሄድ ብዙ ጊዜ ደበቁን፤ ነርስ ሲታመም እንዲህ ነው፣ ሌላውን «ተኛ» ይላል እንጂ ራሱ አይተኛም። አልጋ ሲይዙም ያስጨነቃቸው ሞቱ አልነበረም። «እነዚህ ሰዎች የሚመጡት ለእንጨቱ ይሁን ለእኔ አላውቅም፤ ለእኔ ከሆነ፣ እኔ ስሞት እያንዳንዳቸው ቤታቸው ገብተው ይዘጋሉ» እያሉ እንቅልፍ አጡ። ጋሼ መሰላል ከዓይናቸው አልጠፉም። አንድ ጠዋት አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ በቀብራቸው ቀንም ሥራ ቤቱ ተከፍቶ እንዲውል፣ ሰዎቹም በየአግዳሚያቸው እንዲሆኑ ቃል ግባልኝ አሉኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ተቆጣሁ፤ «የአንቺ ሥጋ አፈር ሲገባ እኔ መዝጊያ ከፍቼ መጋዝ ላስጮህ? ሰው ምን ይለናል? እነርሱስ ሳይቀብሩሽ?» አልኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብኝ፤ ምግብም አልቀበል አሉኝ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ቃሌን ሰጠሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተለወጠም፤ እስከ ዛሬም ነገሩ አይዋጥልኝም። በሩን ማን ይክፈት ብዬ ብጠይቃቸው «አቶ ቆይ» አሉ። በሳቅ ልሞት ደረስሁ፤ ክር መወጠር የፈሩ ሰው ያን ሁሉ ሰው ሊይዙ!

መልእክቱ ሲደርሳቸው አቶ ቆይ ከግድግዳው አንዱን ጊታር አውርደው፣ ክሩን በኪሳቸው ይዘው፣ ከአልጋው አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ማንም አላዘዛቸውም። እኅታችን የቀረቻቸውን ጉልበት አሰባስበው ቀና አሉ፤ የሰውየውን ግራ እጅ ስበው፣ እንደ ጥንቱ ሁለት ጣታቸውን አንጓው ላይ አሳረፉ። አቶ ቆይ በቀኝ እጃቸው የመቃኛውን ቁልፍ ማዞር ጀመሩ። ክሩ መወጠር ሲጀምር ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር፤ የሰውየው ልብ ሲፈጥን እኅታችን በጣታቸው ይሰማቸዋልና «ቆይ» ይሏቸዋል፤ ያቆማሉ፤ ትርታው ሲረጋ «አሁን ቀጥል» ይላሉ፤ ሰውየው ይቀጥላሉ። «አንተ» ብለው የጠሯቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መምህሩና እኔ በር ላይ ቆመን እናያለን። ስድስቱም ክር እስኪታሠር ድረስ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ አልጋው እግር ሄደች። ከዚያም አቶ ቆይ በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ነካ አደረጉት፤ አልተበጠሰም፣ አልፈነዳም፣ ጮኸ ብቻ፤ ቅኝቱ ገና ነበር፣ ደስ የሚልም ድምፅ አልነበረም። እኅታችን ግን የሰውየውን እጅ ሳይለቁ ጭንቅላታቸውን ትራሱ ላይ ጣል አድርገው «ተመስገን፣ ልቡ ደህና ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው ሻይ ሊያጠጧቸው ሲያነሡአቸው፣ በእቅፋቸው ውስጥ እንዳሉ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። መምህሩ ያን ጊዜ ያደረጉትን ብነግራችሁ አይቀየሙኝም፤ አንጓቸውን ይዘው፣ የማይመታውን ይቆጥሩ ነበር፤ ልጆቻቸው መጥተው እስኪያስለቅቋቸው ድረስ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። አስከሬኑን ተከትለን ስንመጣ ከኋላዬ የሚባለውን ሰምቻለሁ። «ያን ሁሉ የደከሙላቸው ሰዎች የታሉ? ሞተው ሳሉ እንኳ አንድ ሰው አይመጣም? ውለታ እንዲህ ነው!» የሚል ነበር። ማን እንዳለው አልዞርሁም፤ ብዞር ኖሮ በዚህ ቀን የማይገባኝን እናገር ነበር። እንግዲህ ስሙኝ። ዛሬ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ አቶ ቆይ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ በላዩ ሽርጥ ታጥቀው ሥራ ቤቱን ከፈቱ። አንድም ሰው አልቀረም፤ ሁሉም መጥቷል። አንዱ «እኔ ሲስተርን ሳልቀብር ሳንቃ አልፍቅም» ብሎ መሮውን ወርውሮ በሩ ድረስ ሄዶ ነበር፤ አቶ ቆይ ትከሻውን አቅፈው መለሱት። እኔ ወደዚህ ልመጣ ስወጣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይሠሩ ነበር፤ በየመሃሉ አንዱ በተሰበረ ድምፅ «እጅ ይነሣ» ይላል፤ እጃቸውን ያነሣሉ፣ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ይቀጥላሉ። እኅታችንን እንደነርሱ የሚያለቅስላቸው በዚህ ሜዳ ላይ የለም፤ እኔም ብሆን። ያልመጡት ታዝዘው ነው፤ እርሳቸው አንድ ሰው እንኳ ብቻውን ቤቱ እንዳይገባ ብለው፣ የራሳቸውን ቀብር ነው የሰጧቸው።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጃቸውን፣ ከሴት ልጃቸው ያገኟትን አያቷን የምትመስል የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እዚህ የቆማችሁትን ዘመዶችና ወዳጆች፣ እንዲሁም በዚህ ሰዓት በየአግዳሚያቸው ያሉትን ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ልጆቻቸው ያልሁት አስቤበት ነው። አምላክ ሆይ፣ የማያውቁትን ሰው እጅ ይዘው ብቻውን እንዳይሞት ያደረጉትን ሴት፣ አንተ እጃቸውን ይዘህ ተቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት፣ ጡሩንባ በማይሰማበት ስፍራ አሳርፍልን፤ መምህሩንና ልጆቹን ጽናት ስጣቸው።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ እኔ ከእናንተ ጋር ወደ ቤት አልሄድም፤ ቤተ ዘመዱ አትቀየሙኝ። ቀጥታ ወደ ሥራ ቤቱ ነው የምሄደው፤ የአንዱን አግዳሚ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ወንድ ልጃቸውም የሌላውን ይይዛል። እስኪመሽ ድረስ ሰዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ የእንጨት ብናኝ በልብሳቸው ላይ እንዳለ፣ ሊሰናበቷቸው ወደዚህ ይመጣሉ፤ መንገድ ላይ ያገኛችኋቸው እንደሆነ «ዘገያችሁ» አትበሏቸው። እኔ ካልተካኋቸው መምጣት አይችሉምና፣ እንግዲህ ቶሎ እንቅበራቸው።